ክርክር፦ «አከራይ ተኝቶ ይበላል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሦስተኛ ፎቅ
ጠዋት ከአባዶ ወደ መገናኛ በገባሁበት ታክሲ አንድ ሰውዬ «የኪራይ አዋጁ ተከራይን አባለገ» ሲል ሰማሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስድስት ዓመቴ ነው። ይህ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ 1320/2016፣ ከመጽደቁ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት ውስጥ ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ትምህርት ቤት የተማረችው ከአዋጁ ወዲህ ነው። ውላችን ሰኔ ላይ ያልቃል። ትናንት አከራዬ ደወሉና «ቤቱን ለዘመድ እፈልገዋለሁ» አሉኝ። አከራይ ተኝቶ ይበላል፣ እኛ ዕቃ ስንጭንና ስናወርድ ዕድሜያችን አለቀ።

የብሎኩ እናት
ተኝቶ ይበላል ያልከው እኔንም ይጨምራል ልጄ? እኔ ቤቱ የደረሰኝ በ20/80 ነው። 20 በመቶውን ዕቁብ ጥዬ ከፈልኩ። 80 በመቶውን እስከ ዛሬ ለባንክ እየከፈልኩ ነው። ስረከበው ወለሉ ሸካራ ሲሚንቶ ነበር። ሴራሚኩን፣ የወጥ ቤቱን ሲንክ፣ የመኝታ ቤቱን በር እኔ ነኝ ያስገባሁት። አሁን ከልጄ ጋር ተጠግቼ እኖራለሁ። የት ነው የተኛሁት?

ሦስተኛ ፎቅ
እትዬ፣ እርስዎን አላልኩም። አራትና አምስት ቤት ይዘው የሚያከራዩትን ነው።

የብሎኩ እናት
አከራይ ነው ያልከው። አራት ቤት ያለው አላልክም። የጻፍከው እዚያው ላይ አለ፣ አንብበው።

አዲስ ገቢ
ሁለታችሁም በቃል ትጣላላችሁ፤ ጉዳዩ ወረቀቱ ነው። ሕጉ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ይሁን፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ጥሩ ነው። እኔ ስገባ ግን ውሉ ላይ 9 ሺህ ብር ተጻፈ፣ በየወሩ በባንክ የማስገባውም 9 ሺህ ነው። 4 ሺህ ደግሞ በእጅ፣ በየወሩ፣ ደረጃው ላይ ቆመን እሰጣለሁ። ደረሰኝ የለም። ወረዳ ሄጄ ብከስ በምን አስረዳለሁ? ብሩን እንኳ እንድቆጥረው አይጠብቁኝም፣ ጠቅልለው ኪሳቸው ነው የሚከቱት።

የብሎኩ እናት
አንተስ ለምን ፈረምክ?

አዲስ ገቢ
ባለቤቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ለዚህ ነው የፈረምኩት።

ጋሽ ጡረተኛ
ልጆች፣ እኔ የ67ቱን አይቻለሁ። አዋጅ 47 ሐምሌ ላይ ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አባቴ ፒያሳ ጀርባ የነበረችው አንዲት ቤቱ ትርፍ ተብላ ሄደች። ያኔም የተባለው ለድሃው ነው። መንግሥት በኪራይ ዋጋ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ሳይ ሆዴ ይፈራል። የአሁኑ ቤት አይወርስም፣ አውቃለሁ። ፍርሃቴን ግን አትናቁብኝ።

ሦስተኛ ፎቅ
ጋሼ፣ አክብሬዎ ልናገር። 47/67 ቤቱን ወሰደ። ይህ ተከራዩን ሁለት ዓመት ከቤቱ አታስወጣው ነው የሚለው። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ልክ አይመስለኝም።

ጋሽ ጡረተኛ
አንድ ናቸው አላልኩም። ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ ነው የነገርኩህ። የዛሬ አከራይ አባቱ ሲወረስ ያየ ሰው ነው።

የማኅበር ሰው
እኛን ማንም አላነሳንም። ጣፎ አጠገብ ግቢ ተከራይተን የእናቶችና የሕፃናት ማኅበር እናንቀሳቅሳለን። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ብቻ ነው የሚለው፤ እኛ ደግሞ መኖሪያ አይደለንም። አከራያችን ዘንድሮ ዋጋውን በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊያደርገው ነው፣ የሚከለክለው ሕግ የለም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪያችን ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ የቢሮ ኪራይ ደግሞ የሚቆጠረው እዚያ ውስጥ ነው። ኪራዩ ሲጨምር ከየት እናምጣው? ከሕፃናቱ ወተት?

አዲስ ገቢ
ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለብቻው ይነሳ።

የማኅበር ሰው
ሌላ አይደለም። ተከራይ ተከራይ ነው። ሠላሳ ሕፃናት ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ይቆማሉ። እነሱም ይፈናቀላሉ።

የብሎኩ እናት
ወደ እኔ ጥያቄ ተመለሱ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር በ2015 ከፍ አለብኝ። በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። የኪራይ ገቢ ግብርም አለ። ኪራዩን ግን በዓመት አንዴ፣ ያውም መንግሥት በወሰነው ልክ ካልሆነ አትጨምሪ ተባልኩ። ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ የቧንቧ ሠራተኛ በማን ልክ ነው የሚጨምሩት? ባለፈው ክረምት የጣሪያው ፍሳሽ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወረደ። ያስጠገንኩት እኔ ነኝ፣ ተከራዬ አምስት ሳንቲም አላዋጣም። ይኼ ነው ተኝቶ መብላት?

ሦስተኛ ፎቅ
እሺ፣ ቃሉን አነሳሁ። ጥያቄዬን ግን አላነሳም። ውሃ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ አራት ጄሪካን ይዤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው የምወርደው። ይህን ሁሉ ችዬ እየኖርኩ፣ ሁለት ዓመት ሳላስቀር ከፍዬ፣ «ለዘመድ ነው» ተብዬ ብወጣና በሳምንቱ ሌላ ሰው በአዲስ ዋጋ ቢገባ ማን ያየዋል? ወረዳው በር እያንኳኳ ዘመድ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል? ጥበቃው ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ በየሁለት ዓመቱ ጫኚ ልጠራ ነው ማለት ነው።

ጋሽ ጡረተኛ
አከራይህ ዘንድ ሰው ላክባቸው። በሽማግሌ ያልቃል።

ሦስተኛ ፎቅ
ጋሼ፣ ሽማግሌ ለትዳር ነው። ለዚህ ሕግ ወጥቶለታል።

የብሎኩ እናት
የእኔ ተከራይ አምስት ዓመቱ ነው፣ አላስወጣሁትም። ለሁሉም አንድ ስም አትስጥ።

አዲስ ገቢ
እትዬ፣ የእርስዎ ተከራይ በእጅ የሚሰጠው አለ?

የብሎኩ እናት
እሱን ለምን ትጠይቀኛለህ?

አዲስ ገቢ
እኔ ሁሉንም በግልጽ ስለተናገርኩ።

የብሎኩ እናት
ትንሽ አለ። ባንኩም፣ ግብሩም፣ ጥገናውም በአንድ ላይ ስለመጣብኝ ነው። ደስ ብሎኝ አይደለም።

የማኅበር ሰው
የእኛን ጉዳይ የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ካለ በውስጥ መልእክት ይጻፍልን። ኪራዩ የሚከፈለው ከወሩ መጨረሻ በፊት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ
እኔ ነገ ወረዳ እሄዳለሁ። የተመዘገበውን ውልና የ24 ወር የባንክ ደረሰኞቼን ይዤ ነው የምሄደው። ሌላ «ለዘመድ» የተባለ ተከራይ ካለ በጠዋት ሁለት ሰዓት በሩ ላይ እንገናኝ።