«ሻይ ማረፊያ» ያልከው ማንን ነው?

የበርበሬ ወንዙ፦
ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ «ኢንዱስትሪ ፓርኩ ባይመጣ ኮምቦልቻ ዛሬም የሾፌር ሻይ ማረፊያ ነበረች» ያልከው ሰውዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስብከነከን አደርኩ። ሻይ ማረፊያ? ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ነው። ከዚያ በፊት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የት ነበር? ቢራውስ? ቆዳውስ? አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ጡረታ የወጣው ሻይ እያፈላ አይደለም።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። 75 ሄክታር ላይ ዘጠኝ የፋብሪካ ሼድ ሲተከል ነው ከተማው የነቃው። ግቢዬ ውስጥ ስምንት የኪራይ ሰርቪስ ክፍል ሠራሁ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ተያዙ። ልጆቹ ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ፣ ከለጋምቦ ሳይቀር ይመጡ ነበር። ፈረቃ ሲለቀቅ መንገዱ በሰው ይሞላል። ባጃጁ፣ ጉልቱ፣ ሱቁ፣ ሁሉም በነሱ ነው የኖረው። ይሄ እድገት ካልሆነ ምን ልትለው ነው?

የድሮ ኦፕሬተር፦
ጋሼ ሐረጎ፣ ከስምንቱ በአንዱ ሳልኖር አልቀርም። በ2011 የመነሻ ደሞዜ ሺህ ብር አይሞላም ነበር። አንዲት ክፍል ለአራት ተከራየን። አከራያችን መሀሏን በችፑድ ከፈላትና «ሁለት ክፍል ናት» ብሎ በሁለት ክፍል ዋጋ አስከፈለን። ከችፑዱ ወዲያ ያለችው ልጅ ስታስል እኛ እንነቃለን። የኛ ስልክ ሲጮህ እሷ ትነሳለች። እድገት የምትለው የኛን ኪራይ ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ልጄ፣ እኔ ችፑድ አላስገባሁም። ያስገቡ አሉ።

የድሮ ኦፕሬተር፦
አሁን «ልጄ» ሆንኩ? ያኔ «ተከራይዋ» ነበር ስሜ።

ጦሳ ሥር፦
ሃሃሃ ችፑድ! እኛ ግን ከደሴ ሆነን ስናያችሁ ጠግባችሁ ነው የምትጣሉት። ፋብሪካ ቁልቁል ወደናንተ፣ ኤርፖርት ቁልቁል፣ ደረቅ ወደብ ቁልቁል፣ ሐዲድ ቁልቁል። ለኛ ብርዱ ቀረ።

የበርበሬ ወንዙ፦
ሐዲዱንማ ውሰዱት አቦ! ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ተባለለት። የቱርኩ ኩባንያ በ2007 ጀመረው። ሐዲዱ እኛ ጋ ደረሰ፣ ባቡሩን የሚነዳው መብራት አልደረሰም። መብራቱ ሲጠበቅ ጦርነቱ ደረሰ። አሁን ፍየል ይሻገርበታል።

የቦርከና ልጅ፦
ለምን ትዞራላችሁ? የጣለን ጦርነቱ ነው፣ አለቀ። በጥቅምት 2014 ህወሓት ደሴም ኮምቦልቻም ገባ። እስከ ኅዳር 27 አልወጣም። ስመለስ አንዱ ፋብሪካ በር ላይ የክር ኮን ጭቃ ውስጥ ተበትኖ አየሁ። ነጭ ክር፣ ገና ያልተፈታ። አንድ አሮጊት እየለቀሙ በነጠላቸው ይቋጥራሉ። «ምን ያደርግልዎታል እማማ?» ብላቸው «መቀነት ይሆናል» አሉኝ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
እሱማ እውነት ነው። ግን ከወጡ በ26ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 23፣ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋን፣ አጎዋን፣ ዘጋችብን። ያለ ቀረጥ ሲገባ የኖረ ልብስ ቀረጥ ሲጨመርበት ገዢው ወደ ሌላ አገር ይዞራል። ሼዱን መጠገን ይቻላል፣ ገዢን በምን ትጠግነዋለህ?

የድሮ ኦፕሬተር፦
እኔ የለቀቅኩት ከሁለቱም በፊት ነው። አጎዋ ነበረ፣ ሰላም ነበረ፣ ሰው ግን በየወሩ ይለቅ ነበር። የቅጥር ማስታወቂያው ከበር ላይ የማይነሳው ለምን ይመስላችኋል? ታርጌት ካልሞላሽ ቦነስ የለም። ቦነስ ከሌለ ኪራይ የለም። ከዚያ ወይ ዐረብ አገር ነው ወይ ወደ እናት ቤት። እኔ ወደ እናቴ ተመለስኩ።

የቦርከና ልጅ፦
ጦርነቱን ልታቃልይው ነው?

የድሮ ኦፕሬተር፦
ወላሂ አላቃለልኩም። ቀድሞ የታመመ ነበር ነው ያልኩት።

ጦሳ ሥር፦
እኔ የምለው፣ «ሻይ ማረፊያ» መቼ ነው ስድብ የሆነው? በባቲ በኩል ከሚሌ የሚወጣ የጅቡቲ ሾፌር ዶላር ወጣ ወረደ ሻዩን ይጠጣል። አጎዋ ምን አገባው? አክስቴ በሻይና በአምባሻ ሦስት ልጅ አስመርቃለች። ስንት ሼድ ሦስት ልጅ አስመረቀ?

የበርበሬ ወንዙ፦
እሱን ለጋሼ ሐረጎ ንገረው። ሻይን የናቀው እሱ ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
መቼ ናቅኩ! ፓርኩ ባይመጣ ነው ያልኩት።

የበርበሬ ወንዙ፦
«የሾፌር ሻይ ማረፊያ ነበረች» ብለሃል። ቅዳው አለኝ፣ ልለጥፈው?

የቦርከና ልጅ፦
ሾፌሩስ መቼ መጣና? ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ «ላኪ ይጠቀማል» ተባለ። የሚላከው ግን በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ዘይት ብቻ ነው በሰዓቱ የጨመረው።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
የኔን ልንገራችሁ። ከስምንቱ አምስቱ ክፍል ባዶ ናቸው። የሠራሁበት ብድር ግን ባዶ አይደለም። እኔን ሀብታም አታድርጉኝ።

የበርበሬ ወንዙ፦
ታዲያ ፓርኩ ነው ያነቃህ ወይስ ያስተኛህ?

ሐረጎ ቁልቁለት፦
አንተ ደግሞ ሥራ የለህም መሰለኝ።

የበርበሬ ወንዙ፦
የለኝም። ጨርቃ ጨርቅ አባቴን እንጂ እኔን አልቀጠረኝም።

ጦሳ ሥር፦
ጋሼ ሐረጎ፣ ከምር ግን ክፍሉ ስንት ነው? የደሴ ብርድ ወገቤን ጨርሶታል።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
በውስጥ መስመር አናግረኝ። ውሃ አለው፣ ቆጣሪው የግል ነው።

የድሮ ኦፕሬተር፦
ግድግዳውን አንኳኩተህ እይ።