«ለምን አትበሉ፣ ላይኤት በሉ»

የፍራንኮ ልጅ፦ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነው፣ እዚሁ አዳማ ቱቶሪያል ይማራል። ትናንት በኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስ (ብዜትን ለሁለት ከፍለህ፣ አንዱን ዩ ሌላውን ዲቪ ብለህ ኢንቴግሬት የምታደርግበት ዘዴ) እንዲሠራ ኢንቴግራል ናቹራል ሎግ ኤክስ ሰጠሁት። «ሌላኛው የት አለ? አንድ ብቻ ከሆነ አይሠራም» አለኝ። 1ን ዲቪ ማድረግ እንደሚቻል ማንም አልነገረውም። አስተማሪያቸው «ለምን አትበሉ፣ ላይኤት በሉ» ብሏቸዋል። ላይኤት (LIATE) የአምስት ፈንክሽኖች የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደል ነው፦ ሎጋሪዝም፣ ኢንቨርስ ትሪጎ፣ አልጀብራ፣ ትሪጎ፣ ኤክስፖኔንሻል፤ በዚህ ተራ ቀድሞ የመጣው ዩ ነው፣ አለቀ። ለዚህ ነው እንዴ የምንከፍለው?

ጠመኔ፦ ምን ክፋት አለው? ፈተናው ምርጫ ነው፣ ሰዓቱ አይበቃም። ልጁ መጀመሪያ ይለፍ። ለምኑን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይጠይቃል።

ሲቪል 3ኛ ዓመት፦ ሃሃሃ «ዩኒቨርሲቲ ሲገባ»! አፕላይድ ዋን (የዩኒቨርሲቲው የሂሳብ ኮርስ) ላይ ስላይድ ነው የሚነበብልህ ጋሼ።

የፍራንኮ ልጅ፦ ለምኑ እኮ ሁለት መስመር አይሞላም። ፕሮዳክት ሩልን (ብዜት ዲፈረንሺየት የሚደረግበትን ሕግ) ያውቁታል። ግራ ቀኙን ኢንቴግሬት አድርግ፣ አንዱን ተርም አሻግር፣ ቀመሩ መጣ። «ለምን አትበሉ» የሚያሰኘው የቱ ነው?

እማማ ካልኩለስ፦ እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ብሩክ ቴይለር ባይ ፓርትስን ያወጣው በፈረንጆቹ 1715 ነው። ላይኤት በጽሑፍ የወጣው 1983። ሰው 268 ዓመት ሙሉ ዩ መምረጥ አቅቶት ነበር ማለት ነው? እስቲ የላይኤት ወዳጆች፦ ኤክስ ኪዩብ ሲባዛ በኢ ፓወር ኤክስ ስኩዌር። ላይኤት ኤክስ ኪዩብን ዩ አድርጉ ይላል። የቀረውን ኢ ፓወር ኤክስ ስኩዌር ብቻውን ኢንቴግሬት ላደረገ ምሳ በኔ።

ጠመኔ፦ ኤክስ ስኩዌርን ቲ በይው። የቲ ሲባዛ በኢ ፓወር ቲ ግማሽ ይሆናል፣ ላይኤትም ይሠራል። ምሳው የት ነው?

እማማ ካልኩለስ፦ መጀመሪያ ቲ በለው ያለህ ላይኤት ነው? እንዴት አይተህ ነው ያወቅከው? ያ እኮ ነው «ለምን»! ደግሞ ሰብስቲቲውሽንም አያስፈልግም። ኤክስ ስኩዌር ዩ ይሁን፣ አንዱን ኤክስ ከኢ ጋር ዲቪ ውስጥ ተወው።

ጠመኔ፦ 60 ልጅ አስቀምጠሽ እንዲህ አስተምሪና እናያለን። ሲያዛጉ ታያቸዋለሽ።

አሞራ ገደል፦ ምሳውን ሐዋሳ አድርጉት፣ ዓሣ አለ። አዳማ በዚያ ሙቀት ማን ዩ ይመርጣል?

የፍራንኮ ልጅ፦ ስለ ሙቀት የጠየቀህ አለ?

ሲቪል 3ኛ ዓመት፦ ምርጫ ከሆነ ላይኤትም ትርፍ ነው። አራቱን መልስ ዲፈረንሺየት አድርግ፣ ጥያቄውን የሰጠህን አክብብ። እኔ እንዲያ ነው ያለፍኩት።

እማማ ካልኩለስ፦ የምትሠራውን ድልድይ ንገረኝ፣ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ሲቪል 3ኛ ዓመት፦ እሱም ለምን እንደሚሠራ ገብቶኝ ነው እኮ እማማ! ላይኤት ከሚሸመድደው እሻላለሁ።

ጠመኔ፦ «ይሸመድዳል» ያልከው እኔን ነው?