ለኬጂ ምዝገባ ስትዘጋጁ የልጁን ዓይን አትርሱ

ከአራት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የ4 ዓመት ልጇን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ያሰበችው እህታችን ለኬጂ ምን ላዘጋጅ ብላ ጠይቃ ነበር። የልደት ሰርተፊኬት፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ ብላችኋታል። እኔ ደግሞ ዓይኑን አስመርምሪለት እላታለሁ።

ከሜሪላንድ ስንመጣ ልጄ ገና 2 ዓመት ተኩሉ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ልጆች ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ቢያንስ አንዴ ዓይናቸው እንዲታይ ይመከራል። የትምህርት ቤት ሕጉ ግን እንደየስቴቱ ነው። ኬንታኪ፣ ለምሳሌ፣ ልጅ ትምህርት ሲጀምር የዓይን ባለሙያ ያየበትን ወረቀት ትጠይቃለች። እኛ ዕድሜው ሳይደርስ መጣን። ፒያሳ ኬጂ ሳስገባው ስለ ዓይን ያነሳብኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

5 ዓመት ሲሞላው ከእህቱ ጋር እየተጫወቱ ቀኝ ዓይኑን በመዳፏ ሸፈነችበት። «ስንት ጣት ነው?» አለችው። «እጅሽን አንሺ፣ አይታየኝም!» ብሎ አለቀሰ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምኒልክ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ወሰድኩት። ጠብታ አድርገው ለኩት። የሁለቱ ዓይኖቹ የመነጽር ቁጥር በጣም ይራራቃል። አንጎል ከጠራው ዓይን የሚመጣውን ይቀበልና የደበዘዘውን እየተወው ይሄዳል። ሲቆይ ያ ዓይን መነጽር ቢደረግለትም አጥርቶ አያይም። ሰነፍ ዓይን የሚሉት ይህንን ነው። ልጁ በደህናው ዓይን ስለሚያይ አያማርርም። እኔ ደግሞ ሸውራራ ካልሆነ ደህና ነው ብዬ አምን ነበር።

አሁን መነጽር ያደርጋል። ደህናው ዓይኑ በቀን 2 ሰዓት ይሸፈናል፤ የደከመው እንዲሠራ ማለት ነው። ሕክምናው ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር የተሻለ ውጤት አለው። ለውጥ እያየን ነው፣ ተመስገን።

ከስቶክሆልም፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እዚህ ልጅ 4 ዓመት ሲሆነው የሕፃናት ጤና ጣቢያው ራሱ ይጠራዋል። ልጄ ከሩቅ ያየችውን ምልክት በያዘችው ካርድ ላይ እየጠቆመች ነው የተፈተነችው። እዛስ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንዴት ይታያል?

ከአራት ኪሎ፦
አሜን። የእኔ ልጅ በእንግሊዝኛዋ ፊደል ኢ (E) ነው የታየው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ትዞራለች። ልጁ እግሮቿ ወዴት እንዳሉ በእጁ ያሳያል። ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አለማምዱት።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር፦ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ይታይ። ሲሸፈንም በመዳፍ አይሁን። ልጆች በጣት መሃል ያያሉ፤ የእኔው መጀመሪያ ላይ እንደዛ አድርጎ ነበር። የሚለጠፍ መሸፈኛ ጠይቁ።

እህታችን እዚያው ካስመረመረችው ወረቀቱን ይዛ ትምጣ። ካልሆነላት ግን ቤቴ ለምኒልክ ቅርብ ነው፤ በጠዋት አብሬያት ሄጄ እሰለፋለሁ።