እንግሊዝ ውስጥ ካራቫን የተከራየን ሰው ባለሳይቱ በ7 ቀን ማስወጣት ይችላል?

ጠያቂ
ሰላም ለዚህ ቤት። ስኬግነስ አካባቢ አንድ ባልና ሚስት ከባለሳይቱ (የካራቫን ማቆሚያ ግቢው ባለቤት) ካራቫን፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ተከራይተው ይኖራሉ። የተጻፈ ውል የላቸውም፤ ኪራዩን በየሳምንቱ በእጅ ነው የሚከፍሉት፣ 400 ፓውንድ ዲፖዚትም ሰጥተዋል። አሁን «በ7 ቀን ልቀቁ፣ አለዚያ መብራት እቆርጣለሁ» የሚል ቴክስት መጣባቸው። ሁለቱም የስደተኝነት ፈቃድ አላቸው። ሕጉ ምን ይላል? ማንስ ይረዳቸዋል?

ቃለ ጉባኤ
ከሁሉ በፊት የሳይቱ ላይሰንስ (ፈቃድ) ይጣራ። ዓመቱን ሙሉ ለመኖሪያ የተፈቀደ ነው ወይስ ለእረፍት ብቻ? ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የላይሰንስ መዝገብ አለው፤ ማንም ማየት ይችላል። በየዓመቱ ለተወሰኑ ሳምንታት የሚዘጋ ሳይት ከሆነ ብዙ ጊዜ የእረፍት ነው። ሲጠይቁ ስማቸውንና የካራቫኑን ቁጥር ባይናገሩ ይሻላል። ለእረፍት በተፈቀደ ቦታ ሰው እንደሚኖር ካውንስሉ ካወቀ ባለሳይቱን ማስገደድ ሊጀምር ይችላል፣ ዱላው ደግሞ የሚያርፈው ተከራዩ ላይ ነው።

የመኖሪያ ላይሰንስ ካለው የ1968ቱ የካራቫን ሳይቶች ሕግ ይሸፍናቸዋል። በቃል የተገባ ውልም ውል ነው። ማስጠንቀቂያው ከ4 ሳምንት ካነሰ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ የ7 ቀኑ ቴክስት ከንቱ ነው። 4 ሳምንቱ ቢያልቅም እንኳ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም አያስወጣቸውም። ዳኛው ትእዛዙን ሰጥቶ አፈጻጸሙን እስከ 12 ወር ማገድም ይችላል። ግዴታው የሁለቱም ወገን ስለሆነ እነሱም መልቀቅ ሲፈልጉ 4 ሳምንት ቀድመው መናገር አለባቸው።

ለማስለቀቅ ብሎ መብራት ወይም ውሃ መቁረጥ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 3 ወንጀል ነው። ፖሊስ ተጠርቶ «ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ሊሄድ ይሞክራል፣ የተለመደ ነው። የሕጉን ስምና አንቀጽ ቁጥሩን ስልክ ላይ አዘጋጅተው ያሳዩት፣ የሪፖርት ቁጥርም ይቀበሉ። ከዚያ ካውንስሉ ውስጥ ሕገወጥ ማስወጣትን ለሚከታተለው ክፍል ይደውሉ፤ የመክሰስ ሥልጣን አለው።

ሦስት ጉልቻ
ቃለ ጉባኤ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ስለ ገንዘቡ ልጨምር። ኪራይ እንዳያቋርጡ! ባለሳይቱ አልቀበልም ቢል «የዚህን ሳምንት ኪራይ ይዘን መጥተን አልተቀበልክም» ብለው በዚያው ቀን ቴክስት ይላኩና ብሩን ለብቻ ያስቀምጡ። ካሁን በኋላ በባንክ ቢከፍሉ ጥሩ ነው፣ በእጅ ከሆነ ግን ደረሰኝ። የዲፖዚት መጠበቂያ ስኪም ለተራ የቤት ኪራይ የወጣ ስለሆነ ካራቫንን ብዙ ጊዜ አይነካም። ስለዚህ ስለ 400ው ፓውንድ ባለሳይቱ ራሱ የሚያምንበት ቴክስት ቢያገኙ በአነስተኛ ክስ ችሎት ትልቅ ማስረጃ ይሆናቸዋል።

መብራቱንም ይመርምሩት። ባለሳይቱ ከራሱ አቅራቢ በዩኒት 28 ፔንስ የሚገዛ ከሆነ ለእነሱም በ28 ነው የሚሸጠው፤ ትርፍ መያዝ አይፈቀድለትም፣ ቢሉን የማየት መብትም አላቸው። የሲሊንደር ጋዝ ግን በዚህ የዋጋ ጣሪያ ውስጥ አይገባም። በነገራችን ላይ፣ ለአከራየው ካራቫን የጋዙን ዕቃ በየዓመቱ በጋዝ ሴፍ (የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ) በተመዘገበ ባለሙያ ማስፈተሽና የፍተሻውን ወረቀት ለተከራዩ መስጠት የእሱ ግዴታ ነው። ወረቀቱን አይተውት ካላወቁ ይጠይቁ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ላይሰንሱ የእረፍት ሆኖ ቢገኝስ? አበቃላቸው ማለት ነው?

ቃለ ጉባኤ
የ1968ቱ ሕግ ያኔ አይደርስላቸውም፣ እውነቱን ለመናገር አቋማቸው ይደክማል። ቢሆንም ጠበቃ ሳያይላቸው ቁልፍ አያስረክቡ። ካራቫኑ ከመሬት ጋር ተያይዞ ሳይፈርስ የማይነሳ ከሆነ እንደ ቤት የሚቆጠርበት ሁኔታ አለ። ጎማው፣ ከሥሩ የተሠራው ግንብ፣ የውሃና የፍሳሽ ቱቦው የገባበት ቦታ ሁሉ ፎቶ ይነሳ።

የራሱን ካራቫን ገዝቶ ቦታውን ብቻ የተከራየ ሰው ደግሞ ሌላ ሕግ አለው፣ የ1983ቱ። ጥበቃው ከዚህ በጣም ይበልጣልና ሁለቱን የሚያደባልቅ ምክር አይስሙ።

የሊድሱ
እርዳታ በተመለከተ፦ ሼልተርና ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በነጻ ያማክራሉ፤ ሲደውሉ መጀመሪያ «አማርኛ አስተርጓሚ» ይበሉ። የማስለቀቂያ ጽሑፍ ለደረሰው ሰው ከነሐሴ 2023 (በፈረንጅ) ጀምሮ መንግሥት የሚከፍለው የሕግ ምክር አለ፣ ገቢ አይጠየቅበትም። ቴክስቱን ስክሪንሾት አድርገው ይያዙት።

ካውንስሉ የቤት አልባዎች ክፍል ዛሬውኑ ያመልክቱ። በ56 ቀን ውስጥ ቤት ሊያጣ የሚችል ሰው ሜዳ ላይ እስኪወድቅ አይጠበቅም፣ የስደተኝነት ፈቃድ ያለውም መብቱ ነው። «ራሳችን እንለቃለን» ብለው ግን እንዳይፈርሙ፤ ሆን ብለው ቤት አልባ ሆነዋል ተብሎ ይያዝባቸዋል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት ድጎማ) ላይ ከሆኑ የካራቫን ኪራይም ይሸፈናል፤ እስካሁን ካላስመዘገቡት ለባለሳይቱ ምን ያህል ኪራይ እንደሚከፍሉ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል።