አስቸኳይ፦ የበግ ጠጉሩ ቀለም አልይዝ አለኝ፣ ድስቱ እሳት ላይ ነው

የሞላሌዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ። ከበጎቻችን የተሸለተውን ነጭ ጠጉር ፈትዬ ቀይ እየነከርኩት ነው። ከድስቱ ሲወጣ ቀይ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሳሸው ቀለሙ ይለቅና ሮዝ ይሆናል። ክሩም እርስ በርሱ ተጣብቋል። የቀረው ገና ድስቱ ውስጥ ነው፣ ላውጣው?

ሸማኔው፦ ጨው ጨምሪበት።

የደጋ ሰው፦ መንዝ ሆነሽ ቀይ? የመንዝ በግ ጥቁሩም ነጩም ቡናማውም ራሱ ቀለም ነው። የጠጉር ብርድ ልብሱ ባና መቼ ተነክሮ ያውቃል?

የሞላሌዋ፦ ባናማ ቤታችን ሞልቷል ጋሼ። ይሄ ለትራስ ልብስ ነው፣ ገዢዋ ቀይ አለች። እርስዎ የሚገዙኝ ከሆነ በነጩ እሠራለሁ።

መምህሩ፦ ነገሩ ከእንዝርቱ በፊት ይጀምራል። ጠጉሩ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ ከዚያ ይፈተላል። ጥጥ የተክል ነው፤ ጠጉር ግን እንደ ራሳችን ፀጉር ፕሮቲን ስለሆነ የአመድ ውሃ ይጎዳዋል፣ በረኪናማ ያሟሟዋል። የዛሬ ልጆች ከመጨረሻው ነው የምትጀምሩት።

ሸማኔው፦ ጨው ነው እህቴ። ለነጠላ ጥለት ክር ሁሌ የምንጨምረው እሱን ነው።

ቡና ጠጪ፦ ጨው፣ ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ ቅቤ። እንጀራ ይቅረብ?

እማማ ስፌት፦ ልጄ፣ ቀለሙ ለአለላ የሚሸጠው ዱቄት ነው? ጠጉሩስ ታጥቦ ነበር?

የሞላሌዋ፦ አዎ እማማ፣ የስፌት ቀለም ነው። በጎቹ ሳይሸለቱ ወንዝ ታጥበዋል።

እማማ ስፌት፦ ወንዝ ጭቃውን እንጂ ቅባቱን አይወስድም፤ ቅባት ካለ ቀለሙ ላዩ ላይ ይቀራል። ድስት ውስጥ ያለውን አሁን አታውጪው። እሳቱን ቀንሺ፣ ይሙቅ እንጂ አይንተክተክ። ክሩን ወደ አንድ ጎን አድርገሽ አቼቶ ጨምሪ፣ ለአንድ ባልዲ ውሃ ሁለት ሲኒ ያህል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እሳቱን አጥፊና እዚያው እስኪቀዘቅዝ ተዪው። ሮዝ የሆነውን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ሳታሺ እጠቢና እንደገና ንከሪው። የተጣበቀው ግን አይመለስም፤ ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ አግብተሽ ስላሸሽው ነው። ትራሱ ውስጥ ሙሊው።

መምህሩ፦ ይኸው፣ ይታጠባል ብዬ ነበር።

ቡና ጠጪ፦ አቼቶ ከገባማ ሰላጣ ሆነ።

እማማ ስፌት፦ የሞላሌዋ፣ ያዘልሽ?

ሸማኔው፦ ጨው ሞከርሽ?