በትምህርት ወደኋላ ለቀረ ልጅ፦ ሜንተር ወይስ አስጠኚ?

ጠያቂዋ፦ የወላጆች ኮሚቴያችን ለሁለት ተከፍሏል። ውጤታቸው የወረደ፣ መቅረት ያበዙ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች አሉ። ያለው ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ግማሾቹ «በሳምንት አንድ ቀን አብሯቸው የሚቀመጥ፣ የሚያዳምጣቸው ትልቅ ሰው፣ ሜንተር የሚባለው፣ ይመደብላቸው» ይላሉ። የቀሩት «ወሬውን ተዉትና አስጠኚ ቅጠሩ» ባይ ናቸው። የኔ ልብ ወደ ሜንተሩ ያደላል። እስቲ ተከራከሩኝ።

የሒሳብ መምህሩ፦ እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ባለፈው አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳ ላይ አውጥቼ «አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ» አልኩት። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመረና ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈ። ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል! ደምሮበት አነሰ ማለት ነው። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» የሚለው ሰው አይደለም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ክፍልፋይን ከሥሩ የሚያስረዳው ነው። የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ለአንድ የተማረ መካከለኛ ተማሪ በመደበኛ ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን ይበልጣል ብሎ ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ያን ያህል ትልቅ ለውጥ አላገኙም፣ አልደብቅም። ግን በደንብ ማስጠናት ውጤት ያሻሽላል።

ሦስት ዓመት ሜንተር የነበርኩት፦ ጋሼ፣ ልጁ ክፍልፋይ ሲሰጥ የት እንደነበር ጠይቀውት ያውቃሉ? እኔ የያዝኩትም ልጅ ሒሳብ አይሆንለትም ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ «ደህና» ከምትል ቃል በቀር አልወጣውም። ኳስ እየተቀባበልን ነበር የምናሳልፈው። በስድስተኛው ሳምንት፣ ሳልጠይቀው፣ ጠዋት ጠዋት ታናሽ እህቱን ሌላ ትምህርት ቤት አድርሶ እንደሚመጣ ነገረኝ። የሁለቱም ደወል እኩል ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁሌ ያመልጠዋል። ምን እንደሆነ ገምቱ። ሒሳብ! መዝገቡ ላይ ግን «አርፋጅ» ተብሎ ነው የተጻፈው። አስጠኚ ቢመጣ ያስጠናው ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ አዲሱ ትምህርት ያመልጠዋል። እኔ ያደረግኩት አክስቱን ማነጋገር ብቻ ነው። እህቱን እሷ ማድረስ ጀመረች።

እናት ነኝ፦ ሁላችሁም ሜንተር ሲባል የሚቆይ ሰው ነው የሚታያችሁ። ለልጄም ተመድቦላት ነበር። ጥሩ ልጅ ነበረች፣ ክፉ አልናገርባትም። ሁለት ወር መጣች። ከዚያ «ሥራ በዛብኝ» አለች፤ ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወች። ልጄ ከሃያ አሥራ አራት ያገኘችበትን የሳይንስ ፈተና ላሳያት ብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞር ነበር፤ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ እስኪቀደድ። የመደቧት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ደውለው «እንዴት ሆነ?» አላሉም። አሁን «ሌላ ይምጣልሽ?» ስላት «ትምጣና ትሂድ?» ትለኛለች።

ጥናት አንባቢው፦ እህቴ፣ ይሄ ባንቺ ቤት ብቻ የሆነ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. ለልጆች ሜንተር የሚመድበው የቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ ፕሮግራም አሜሪካ ውስጥ ተጠንቶ ነበር። 959 ልጆች ናቸው፣ ከ10 እስከ 16 ዓመት። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ሜንተር ተፈለገላቸው፣ ግማሾቹ ተራ ጠበቁ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ሜንተር የደረሳቸው ከትምህርት የሚቀሩበት ቀን በግማሽ አንሶ ተገኘ። ውጤታቸው ግን የተሻሻለው ትንሽ ነው፤ እዚህ ላይ መምህሩ እውነት አላቸው። የእነዚያኑ ልጆች መረጃ በ2002 እ.ኤ.አ. መልሰው ሲመረምሩት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው የቆዩት ናቸው ይበልጥ የተጠቀሙት። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ወረደ። «ትምህርት እችላለሁ» የሚለው እምነታቸውም አብሮ ወረደ። ባይጀመር ይሻላቸው ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በ1939 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ 506 ወንዶች ልጆችን ይዞ የተጀመረ ጥናት ነበር። ግማሾቹ ለዓመታት መካሪ ተመደበላቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመራማሪዋ ጆአን ማኮርድ ፈልጋ ስታገኛቸው፣ መካሪ የነበራቸው በመጠጥም በወንጀል መደጋገምም ካልነበራቸው ብሰው ነበር። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ «ጠቅሞናል» ነው ያሏት። ስለዚህ ልጆቹ ወደዱት አልወደዱት ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም።

ሌላ ወላጅ፦ ማንነቱ ያልተጣራ ሰው ከልጄ ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥም። እሱ ለድርድር አይቀርብም።

ሦስት ዓመት ሜንተር የነበርኩት፦ ልክ ነው። እኛ የምንገናኘው ሜዳ ላይ ወይ ሰው በሚያየን ቤተ መጻሕፍት ነበር።

የሒሳብ መምህሩ፦ እሺ፣ የአርፋጁ ልጅ ነገር ነክቶኛል። የኔን ደግሞ ነገ ጠይቀዋለሁ። ግን ስታዳምጡት ብትውሉ ሁለት አምስተኛው አይስተካከልም እኮ! ለምን ሜንተሩ ደብተር አይከፍትም?

ጥናት አንባቢው፦ የሚከፍት አለ። አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1990 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ቼክ ኤንድ ኮኔክት የሚባል አሠራር አለ። ሜንተሩ የልጁን መቅረትና ውጤት በየጊዜው ከመዝገብ እያየ፣ ችግሩ ሳይገፋ ቤተሰቡንና መምህሩን ያገናኛል። ከአንድ ልጅ ጋር ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆያል።

እናት ነኝ፦ ሁለት ዓመት በነፃ ማን ይቆያል? ኮሚቴው ገንዘቡን ለዚህ ያውለው። ሜንተሮቹን የሚከታተል፣ አንዷ ስትቀር በማግስቱ የሚደውል አንድ ሰው ይቀጠር። ያኔ እኔም ልጄን አግባብቼ እልካለሁ።

ጠያቂዋ፦ ይሄ ሐሳብ ከሁለታችንም ቡድን አልመጣም ነበር። እንግዲያው ሠላሳውን ትተን በስምንት ልጆች እንጀምር፤ ማስጠናቱ ለመምህራኑ ይሁን። አንድ ዓመት ሳያቋርጥ የሚመጣ ማን ነው?

ሦስት ዓመት ሜንተር የነበርኩት፦ እኔ አለሁ።

የሒሳብ መምህሩ፦ እኔ ማስጠናቱን።

ጥናት አንባቢው፦ እኔን አትቁጠሩኝ። ከስድስት ወር በኋላ ሥራ ልቀይር እችላለሁ።

እናት ነኝ፦ ተባረክ። አስቀድሞ የሚናገር ሰው ነው የጠፋው።