የጋራዥ ትዕይንት እየጻፍኩ ነው፤ እውነት እንዲመስል ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ15 ደቂቃ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው። አንዲት ልጅ አባቷ ከሞተ በኋላ ቆሞ የነበረውን ዲኤክስ ኮሮላ (የቶዮታ መኪና) አስነስታ ትነዳዋለች። ዳገት ላይ ይሞቅባታል። አባቷ ይሄድበት የነበረ ጋራዥ ታስገባዋለች። መካኒኩ መኪናውን ሲያይ አባትየውን ያስታውሳል። ትዕይንቱ ይኸው ነው፤ አራት ደቂቃ ገደማ።

ጽፌ ለጓደኛዬ አሳየሁት። «ይሄ ሰውዬ መካኒክ አይደለም፤ ቱታ የለበሰ ተዋናይ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የእኔ መካኒክ ኮፈኑን ይከፍታል፣ «ሞተሩ ተበላሽቷል» ይላል፣ 13 ቁልፍ (የ13 ሚሊ ሜትር ቡሎን መፍቻ) ይጠይቃል፣ አንድ ቡሎን ያጠብቃል፣ በቃ መኪናው ደህና ሆነ።

እኔ ጋራዥ የማውቀው ልጅ ሆኜ አባቴን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስጠብቀው ነው። የዘይቱ ሽታ ትዝ ይለኛል። ምን ይባባሉ እንደነበር ግን አላስታውስም። ጋራዥ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። እጃቸው ምን ይሠራል? ምን ያወራሉ?

የቄራው ልጅ፦

እህቴ፣ ከ13 ቁልፉ ልጀምር። ዲኤክስ ላይ 13 ምን ሊሠራ? ቶዮታ 10፣ 12፣ 14 ነው፤ ከፍ ሲል 17። 13 የላዳ ቁልፍ ነው። አለቃዬ «13» ብሎ ሲጣራ ላዳ መግባቱን ዞር ብዬ ሳላይ አውቅ ነበር። ፊልምሽን የሚያይ መካኒክ ሁሉ እዚያች ቁጥር ላይ ይነቃብሻል።

ቄራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በ16 ዓመቴ ነው የገባሁት። የመጀመሪያውን ዓመት አንድም ነገር አልፈታሁም። ዕቃ በናፍጣ አጥባለሁ፣ ሻይ አመጣለሁ፣ ቁልፍ አቀብላለሁ። ትምህርቱ ማቀበሉ ላይ ነበር። አለቃዬ መኪና ሥር ተኝቶ እጁን ብቻ ወደ ውጭ ይዘረጋል። አንዳንዴ ቁጥሩን እንኳ አይናገርም። ትክክለኛውን መዳፉ ላይ ካስቀመጥኩለት እጁ ተመልሶ ይገባል። ከተሳሳትኩ ቁልፉ ሲሚንቶው ላይ ቂው ይላል። ስድብ የለም፣ ቁጣ የለም። እጁ እዚያው ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። ከዚያ ድምፅ የበለጠ ያስተማረኝ የለም። ስለዚህ ትዕይንትሽ ውስጥ አንድ ልጅ አስገቢ። ልጅ የሌለበት ጋራዥ አላየሁም።

ደግሞ «ሞተሩ ተበላሽቷል» የሚል መካኒክ የለም። ሐኪም «ታመሃል» ብሎ እንደማሰናበት ነው። መጀመሪያ ይጠይቃል። «መቼ ጀመረው?» «ዳገት ላይ ነው ሜዳም ላይ?» «ውሃ ስንት ጊዜ ጨመርሽ?» «ስታስነሺው ጭሱ ምን ዓይነት ነው?» እየጠየቀም መኪናውን ይዞራል፣ ጎማ ይነካል፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ያያል። አለቃዬ ረጅም ካቻቢቴ (ጠመንጃ መፍቻ) ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግ ነበር። ያለቀ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ዕቃ) እንደዚያ ነው የሚሰማው።

ስሞቹን አታስተካክያቸው። ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ በ1933 ወጣ፤ ቃሉ ጋራዡ ውስጥ ቀረ። የእኛ ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው። መኪናው ሞቆ ነው የመጣው ብለሻል። የጋለ ራዲያተር ማንም አይከፍትም። ክዳኑን ብትከፍቺው የፈላው ውሃ ፊት ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ክዳኑ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ይጠብቃል። ከ20 ደቂቃ በላይ ሊጠብቅ ይችላል። ሻይ ይመጣል፣ ለልጅቷ ዱካ ይሰጣታል። ስለ አባቷ የሚያወራው ያኔ ነው! ሥራ የለውም፣ እጁ ባዶ ነው፣ መኪናው እስኪበርድ ሁለቱም መቀመጥ አለባቸው።

ሲበርድ ክዳኑን ይከፍትና ጎሚኒውን (የክዳኑን ላስቲክ) ያያል። ይሄ ለአዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነው። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ግፊቱን ካልያዘ ዳገት ላይ ቶሎ ይፈላል። ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን ይመዛል። ዘይቱ የወተት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተፈትቶ መውረዱ ነው። ያ ደግሞ በአራት ደቂቃ ትዕይንት አያልቅም። ለአንቺ ዘይቱ ንጹሕ ይሁን፣ ቺንጋው (የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቶ ይሁን።

ሾፌሯ፦

ከባለ መኪና በኩል ልጨምር። ወንድሜን ይዤ የሄድኩ ቀን መካኒኩ እኔን እየጠየቀ መልሱን የሚሰማው ወደ እሱ ዞሮ ነው። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ የለውም። ብቻዬን ስሄድ ደግሞ «እህቴ» እያለ በደንብ ያስረዳኛል። ልጅቷ ብቻዋን ትሂድ።

ዕቃ ይገዛ ከተባለም አሮጌውን በፌስታል ይሰጧታል፤ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ሄዳ ያንኑ እያሳየች ነው የምትጠይቀው። የእጅ ዋጋ ስትጠይቀው መጀመሪያ ዋጋ አይጠራም። «ከአንቺ ጋር ምን ችግር አለ» ይላል። የምታስጨንቀው ቃል እሷ ናት።

ድምፅ ቀጂ፦

እሁድ ቅረጹ። በሥራ ቀን የባትላሜራው (ቆርቆሮ አቃኚው) መዶሻና የጎሚስታው (ጎማ ጠጋኙ) ኮምፕሬሰር ንግግራችሁን ይበላዋል። በሌላ ቀን መቅጃ ብቻ ይዛችሁ ግቡና የጋራዡን ድምፅ ለብቻው ሁለት ሰዓት ቅዱ። የቄራው ልጅ የነገረሽን የቁልፍ መውደቅ ግን እዚያው ሲሚንቶ ላይ ቅጂው። ስቱዲዮ ውስጥ ያንን ድምፅ አታገኚውም።

ጀማሪዋ፦

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ሌሊቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ጥበቃው ገባ፣ ሻዩ ገባ፣ ልጁም ገባ። 13 ቁልፏን ግን መጣል አቃተኝ። እንዲህ አደረግኳት፦

አለቃው (ኮፈን ውስጥ ጎንበስ ብሎ)፦ 13 አምጣ።
ልጁ፦ አለቃ፣ ቶዮታ እኮ ነው።
አለቃው፦ 13 አልኩህ።

ከዓመታት በፊት አባትየው ቸኩሎ መጥቶ፣ የዲናሞው (ባትሪ የሚሞላው ዕቃ) ቡሎን ጠፍቶ፣ አለቃው ከላዳ ላይ ፈትቶ የገጠመለት ነው። ለጊዜው ተብሎ እስከዛሬ ቆየ። መኪናውን የሚያውቀው በዚያ ነው። የቄራው ልጅ፣ ይሄ ይሆናል? የላዳ ቡሎን ዲኤክስ ላይ ይገባል?

የቄራው ልጅ፦

ይገባል። የ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጥርሱ አንድ ነው፤ የሚለየው ቁልፍ የሚይዘው ራሱ ነው። የቶዮታው 12፣ የላዳው 13። እኔም ገጥሜ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ቡሎኑን አይቶ አይሁን፤ ከዲናሞው ሥር ስለሆነ ዓይን አይደርስበትም። እጁን ያስገባ፣ በጣቱ ይዳስሰው፣ ትንሽ ዝም ይበል። ከዚያ 13 ይጠይቅ።